የዳኛን ወይን ማን በላው?

[ጠዋት ነው። ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የውሻ ሳህን ተቀምጧል። ሳህኑ ውስጥ ፍሬው ያለቀ የወይን ጭራሮ ብቻ ቀርቷል። ታላቅ ወንድም፣ አራሚው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጭራሮውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎታል። ታናሽየው፣ ሶፋ ሰሪው፣ በሩ ላይ ቆሟል።]

አራሚው፦ ውሻ ፍሬውን ለቅሞ በልቶ ጭራሮውን አያስተርፍም።

ሶፋ ሰሪው፦ ዳኛ ጨዋ ውሻ ነው፣ ጋሼ።

አራሚው፦ ጨዋ ቢሆንስ? ጭራሮውን እንዲህ አስተካክሎ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል?

ሶፋ ሰሪው፦ እታለም አስተምራው ይሆናላ።

አራሚው፦ እሺ ይሁን። ወይኑ ስንት ፍሬ እንደነበር ታውቃለህ?

ሶፋ ሰሪው፦ ሃያ ሁለት።

[አራሚው መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ያወርዳል።]

አራሚው፦ ሃያ ሁለት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ትናንት ማታ በር ዘግቼ ነው የቆጠርኩት። አንተ ከየት አመጣኸው?

ሶፋ ሰሪው፦ ሲበላ ቆጠርኩለት።

አራሚው፦ ቆጠርክለት?

ሶፋ ሰሪው፦ ዝም ብሎ ከሚበላ ብዬ።

ሶፋ ሰሪው ይህን ሲል ጆሮው ጋለ። ውሸት ድሮም አይሆንለትም፤ አፉ አንድ ነገር ሲል ጆሮው ሌላ ይናገርበታል። ደግነቱ ጋሼ ጆሮ የሚያይ ሰው አይደለም። ጋሼ የሚያየው ፊደል ነው።

ጋሼ በማተሚያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ አራሚ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ከሸሚዙ ኪስ አይለይም። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሰው እንኳ አርሞ ለሙሽራው ይመልስለታል፤ በዚህ የተነሳ ሦስት ሠርግ ቀርቶበታል። ታናሽየው ሶፋ ይሠራል። እጁ ብልህ ነው፤ ስፖንጅ አንዴ ጫን ካደረገ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይነግርሃል። ወሬ ላይ ግን ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ሰኞ የሰማው ቀልድ ሐሙስ ያስቀዋል፣ ያውም ሥራ ላይ እያለ ብቻውን።

የሁለቱም ታላቅ እህት አዋላጅ ናት። ሁለቱም እታለም ይሏታል። እታለም ባል የላት ልጅ የላት፣ ያላት ዘጠኝ ዓመት አብሯት የኖረ ትልቅ ጆሮ ያለው ውሻ ነው። ስሙን ዳኛ ያለችው ሰው ሲጨቃጨቅ ባየ ቁጥር መሃል ገብቶ ቁጭ ስለሚል፣ አንገቱን አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው እያዞረ ስለሚያዳምጥ ነው። የስድስት ቀን ሥልጠና ሲመጣባት ሁለቱን ወንድሞቿን ጠርታ ቤቷንና ዳኛን አስረከበቻቸው። ታክሲው በር ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ስለነበር ብዙ አላወራችም። ማቀዝቀዣው ላይ ወደ ለጠፈችው ወረቀት ጠቁማ፣ "የወረቀቱን ነገር አደራ" አለችና ሄደች።

ጋሼ ወረቀቱን አነበበ። አራት ስህተት አገኘበት። ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ አራቱንም አረመና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቤቱ አዛዥ ሆነ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር፦ ወይን፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ያልተጋገረ ሊጥ፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ። ጋሼ ጮክ ብሎ ሲያነብለት ሶፋ ሰሪው ግራ ተጋባ። ያን ዕለት እንዲህ ተባባሉ፦

ሶፋ ሰሪው፦ ጋሼ፣ ወይን ለውሻ ምን ያደርግለታል?

አራሚው፦ ለኩላሊት ነው።

ሶፋ ሰሪው፦ ቸኮሌቱስ?

አራሚው፦ ለልብ። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ስለሚውል ልቡ ይከፋዋል።

ሶፋ ሰሪው፦ ሽንኩርቱ?

አራሚው፦ ደም ያጠራል። ይህን ያህል አታውቅም?

ሶፋ ሰሪው፦ ሊጡን ግን ለምን ጋግረን አንሰጠውም?

አራሚው፦ ሆዱ ውስጥ ይበስላላ። የውሻ ሆድ ሙቀቱ ለብቻ ነው።

ሶፋ ሰሪው፦ ማስቲካውስ?

አራሚው፦ ለጥርሱ። አንተ ጥርስህን ትቦርሻለህ፤ እሱ በምን እጁ ይቦርሽ?

ሶፋ ሰሪው፦ [ብዙ አስቦ] አኝኮ ሲጨርስ ማን ያስተፋዋል?

አራሚው፦ እሱ የአንተ ሥራ ነው።

በዚህ ተስማሙ። ገዝቶ ማምጣቱና ማዘጋጀቱ የጋሼ፣ ሳህኑን ወደ ግቢ ማውጣትና ማጠቡ የሶፋ ሰሪው ሆነ። ለሁለቱ የሚሆነውንም ምግብ ጋሼ ያበስላል። ሩዝ ይቀቅላል፣ ሥጋ ይቀቅላል፣ በቃ። ጨው አይጨምርም፣ የደም ግፊት አለበት። ሽንኩርትም አይጨምርም፤ ሽንኩርቱ በወረቀት ለዳኛ ተመድቧል፣ የእንስሳ ድርሻ ነክቶ ደግሞ እታለም ፊት መቆም አይፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን ሶፋ ሰሪው የወይኑን ሳህን ይዞ ወደ ግቢ ሲወጣ ምንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ኮሪደሩ ላይ አንዷን ፍሬ ቀመሰ፤ የተበላሸች እንዳትሆን። ደህና ነበረች። የጎኗስ ብሎ ሁለተኛዋን ቀመሰ። የግቢውን በር ሲከፍት ሳህኑ ላይ ከጭራሮ በቀር ምንም አልነበረም። ዳኛ ጭራውን እየወዘወዘ ፊቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ሶፋ ሰሪው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ተመልሶ ገባና ከራሱ ሳህን ላይ ሩዙንና ሥጋውን ገልብጦ አመጣለት። ዳኛ ሳህኑን እስኪያብረቀርቅ ላሰው።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ሥርዓት ያዘ፦ የዳኛ ምግብ ወደ ሶፋ ሰሪው፣ የሶፋ ሰሪው ምግብ ወደ ዳኛ። ሊጡን ጋሼ ሲወጣ ጠብቆ መጥበሻ ላይ ይጋግረዋል፤ ከቸኮሌት ጋር ነፍስ ነው። ማስቲካውን ያኝካል፣ ሲጨርስም ራሱ ይተፋዋል። ያስቸገረው ሽንኩርቱ ነበር። ጥሬውን መብላት አልቻለም፣ መጣል ደግሞ ነውር መሰለው። እሱንም በዘይት ጠብሶ በጋሼ ሳህን ላይ ብቻ ሩዙ ሥር ይቀብረው ጀመር። ጋሼ ሁለተኛው ቀን ላይ ሩዙን ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰና ወጥ ሰሪ የሚባሉት ሰዎች በከንቱ እንደሚኩራሩ፣ እሱ በሁለት ቀን እጁ እንደገባለት ተናገረ።

እታለም በየቀኑ ትደውል ነበር። "እንደ ወረቀቱ ነው?" ትላለች። "ፊደል በፊደል" ይላታል ጋሼ። እሷም ደስ ብሏት ትዘጋለች።

እንግዲህ በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው የሃያ ሁለቱ ወይን ነገር የመጣው። ጋሼ ጭራሮውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረና ታናሹን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

አራሚው፦ አራት ቀን ሙሉ ዳኛ እየበላ አንተ ነህ የምትወፍረው።

ሶፋ ሰሪው፦ ሳየው ደስ ስለሚለኝ ይሆናል።

አራሚው፦ ከዛሬ ጀምሮ በእጄ ነው የማበላው።

ሶፋ ሰሪው፦ ተው ጋሼ። ለምዶኛል፣ ካንተ እጅ አይበላ ይሆናል።

አራሚው፦ ይህን እኔና ዳኛ እንነጋገርበታለን።

ጋሼ እጁን በሳሙና ታጠበ። ከመሳቢያው አንድ ሙሉ ጥቁር ቸኮሌት አወጣና ወደ ግቢ ወጣ። ሶፋ ሰሪው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ዳኛ እንደ ዕድሜ ልክ ረሃብተኛ ሲዘልበት፣ ቸኮሌት ቀምሶ እንደማያውቅ ጋሼ ያኔውኑ ይነቃል። ከዚያ ለእታለም ይነገራል። የእንስሳ ጉሮሮ ዘግቶ የበላ ሆዳም ተብሎ በቤተሰቡ ውስጥ እስከ ሞቱ ሊጠራ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ እያለ ጋሼ ጠረጴዛው ላይ የተወው ስልክ ጮኸ።

እታለም፦ አንተ ነህ? ወንድምህስ?

ሶፋ ሰሪው፦ ግቢ ነው።

እታለም፦ ዳኛ ደህና ነው? ምን በላ?

እታለም አዋላጅ ናትና፣ ሳትቆጣም ሳትጮህም ውስጥ ያለውን ሁሉ የምታስወጣ ድምፅ አላት። ሶፋ ሰሪው መቋቋም አቃተው።

ሶፋ ሰሪው፦ ይቅር በዪኝ፣ እታለም። ከሄድሽ ጀምሮ አንዲት ፍሬ ወይን አልቀመሰም።

እታለም፦ ጎሽ።

ሶፋ ሰሪው፦ አልሰማሽኝም መሰለኝ። ወይኑን በሙሉ የበላሁት እኔ ነኝ።

እታለም፦ ብላ ታዲያ፣ ማን ከለከለህ። ቸኮሌት ግን አላስቀመስከውም አይደል?

ሶፋ ሰሪው፦ ስባሪ አልደረሰውም። እሱንም እኔ ነኝ።

እታለም፦ ተባረክ። ሽንኩርትስ?

ሶፋ ሰሪው፦ ሽንኩርቱን የሚበላው ጋሼ ነው። ግን አያውቅም።

እታለም፦ ምኑን ነው የማያውቀው?

ሶፋ ሰሪው፦ የዳኛ መሆኑን።

[በስልኩ ውስጥ ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል።]

እታለም፦ ምኑ ነው የዳኛ?

ሶፋ ሰሪው፦ ሽንኩርቱ። ወይኑም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ። ጋሼ በየቀኑ ይገዛለታል፣ እኔ ሆዳሙ እቀማዋለሁ።

እታለም፦ ሂድና ወረቀቱን አንብብልኝ። ከላይ ምን ይላል?

ሶፋ ሰሪው ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ። እስከዚያች ቀን ወረቀቱን ራሱ አንብቦት አያውቅም፤ ጋሼ ያነበበውን ደግሞ ማንበብ ድፍረት ይመስለው ነበር። በጣቱ እየተከተለ፣ ለውሻው የሚሰጡ ምግቦች ይላል አላት። ቀጥሎ ግን "ሚ"ዋ ቀይ መሆኗን አየ። ከቀይዋ ሥር በእታለም እጅ የተጻፉ፣ በቀይ መስመር የተሰረዙ ሁለት ፊደሎች አሉ። አንዱ "ማ" ነው። ሌላው "ይ" ነው። የማይሰጡ።

እታለም፦ ወንድምህ አሁን ግቢ ምን እያደረገ ነው?

ሶፋ ሰሪው፦ ቸኮሌት ሊያበላው ነው።

ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ይህች ግን በአንድ ጊዜ ገባችው። ስልኩን እንደያዘ ሮጠ። ሶፋ ሰሪው ከልጅነቱ ጀምሮ ሮጦ አያውቅም፤ ዝናብ ሲመጣ እንኳ በልኩ ነው የሚራመደው። አሁን ግን ወንበሩን ገልብጦ፣ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ጨርሶ ግቢ ደረሰ።

ጋሼ ደረጃው ላይ ቆሞ ቸኮሌቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ለዳኛ ንግግር እያደረገ ነበር። እስከ ዛሬ የደረሰበት በደል እንደሚታወቅ፣ ጥፋተኛውም እንደማያመልጥ ይነግረዋል። ዳኛ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጋሼ ንግግሩን ጨረሰና እጁን ዝቅ አደረገ። ምላሱ ሊነካው አንድ ስንዝር ሲቀረው ሶፋ ሰሪው ደርሶ ነጠቀው። ነጥቆ ግን የት ያድርገው? መሬት ቢጥለው ዳኛ ያነሳዋል፣ ኪሱ ቢከተው ጋሼ ያወጣዋል። ከነብልጭልጭ ወረቀቱ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው።

አራሚው፦ ያዝኩህ።

ሶፋ ሰሪው፦ ምምም።

አራሚው፦ በዓይኔ በብረቱ አየሁህ። ያውም ከእንስሳ አፍ።

ሶፋ ሰሪው፦ [ስልኩን ዘርግቶለት] ምምም።

አራሚው፦ እታለም ናት? ግሩም። አምጣው፣ ከኔው አፍ ትስማ። [ስልኩን ተቀብሎ] እታለም፣ ሌባው ተይዟል።

ከዚያ በኋላ የተናገረችው እታለም ናት። ሶፋ ሰሪው ብልጭልጭ ወረቀቱን ከጥርሱ መሃል እየለቀመ የወንድሙን ፊት ያያል። ጋሼ መጀመሪያ ፈገግታው ሄደ። ቀጥሎ መነጽሩን አወለቀ። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። በቀጭን ድምፅ፣ ስህተት መስሎት እንደሆነ ነገራት። ቸኮሌት የሚለውን ተሳስታ "ቾኮሌት" ብላ እንደጻፈች፣ ሽንኩርትንም እንደሳተች፣ እሱም ከላይ ያለውን ከዚያው ጋር እንደቆጠረው አስረዳ። የማይሰጥ ነገር ደግሞ ተዘርዝሮ ያልቃል እንዴ ብሎ ጠየቃት፤ ድንጋይ አይሰጥም፣ ምስማር አይሰጥም፣ ወንበር አይሰጥም። እታለም ድንጋይና ምስማርን ያልጻፈችው ወንድሞቿን ስለምታምን እንደነበር ነገረችው። ለማንኛውም አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት ብላ ዘጋች።

[ጋሼ ዳኛን አንገቱን አቅፎ ይዞታል። ዳኛ ፊቱን ይልሰዋል።]

አራሚው፦ ገደልኩት። ዛሬ ብቻ ሃያ ሁለት ፍሬ በልቷል፣ አንተው ራስህ ቆጥረህለታል።

ሶፋ ሰሪው፦ [ውጦ] አልበላም።

አራሚው፦ እኔን ለማጽናናት ብለህ አትዋሽ።

ሶፋ ሰሪው፦ የዋሸሁት ያኔ ነው። አሁን እውነቴን ነው።

አራሚው፦ ማን በላው ታዲያ?

ሶፋ ሰሪው፦ እኔ።

አራሚው፦ ዘቢቡንስ?

ሶፋ ሰሪው፦ እኔ።

አራሚው፦ ሊጡን?

ሶፋ ሰሪው፦ ጋገርኩና በላሁት።

አራሚው፦ ሽንኩርቱን?

ሶፋ ሰሪው፦ አንተ።

አራሚው፦ እኔ?

ሶፋ ሰሪው፦ ሩዝህ ውስጥ ነበር። እጄ ገባልኝ ያልክ ጊዜ።

ጋሼ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ቁጣው የት እንደገባ አጣው። ሃያ ዓመት ጥፋት ሲያድን የኖረ ሰው፣ ጥፋት በመኖሩ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ቸኮሌት የተለወሰውን የታናሹን ፊት ስቦ ሳመው። ሶፋ ሰሪው ወንድሙ የሳመው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ግራ ቢገባውም አልጠላውም።

ሐኪም ዘንድ ግን ሄዱ፤ እታለም ያለችው አይቀርም። የእንስሳት ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። ዳኛን ሚዛን ላይ አቆመችው፣ ድዱን ገልጣ አየች፣ ሆዱን ጫን ጫን አደረገች፣ ልቡን አዳመጠች። ጋሼ የሆነውን ሁሉ ከነዝርዝሩ ነገራት፤ በዚህ እንኳ የራሱን ጥፋት ሳይቀንስ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ነው የተናገረው። እሷም እያንዳንዱ ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር አስረዳችው።

ሐኪሟ፦ ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ሊያቆሙ ይችላሉ።

አራሚው፦ ኩላሊት ብዬ ነበር።

ሐኪሟ፦ ቸኮሌት፣ በተለይ ጥቁሩ፣ ልቡን ያስመታዋል።

አራሚው፦ ልብም ብያለሁ።

ሐኪሟ፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ያበላሻሉ። ሊጥ ሆዱ ሙቀት ውስጥ እየተነፋ ይሄዳል። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ ያለው ማጣፈጫ የደሙን ስኳር በድንገት ይጥለዋል።

አራሚው፦ እሱን ለጥርስ ነው ያልኩት።

ሐኪሟ፦ ከአምስቱ የአራቱን ቦታ አግኝተዋል። የሳቱት ያድናል ወይስ ይገድላል የሚለውን ብቻ ነው።

ጋሼ መሬት መሬት አየ። ሐኪሟ ዳኛ ከብዙ ውሾች የተሻለ ጤና እንዳለው፣ የበላው ምግብም ለሆዱም ለፀጉሩም እንደተስማማው ነገረቻቸውና፣ እነዚህን ቀናት ያበላው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ጋሼ ሳያመነታ በጣቱ ታናሹን አሳየ። ሶፋ ሰሪው አንድ ሰው ስለ ጥሩ ነገር በጣት ሲጠቁመው የመጀመሪያው ስለነበር ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ሐኪሟ ምን ምን እንደሰጠው በዝርዝር ጠየቀችው፣ የመለሰላትን በወረቀት ላይ ጻፈች፣ በዚሁ ቀጥል ብላ ወረቀቱን ለእሱ ሰጠችው።

ውጭ ወጡ። የዳኛን ገመድ የያዘው ጋሼ ነው፣ ወረቀቱን የያዘው ሶፋ ሰሪው። መንገዱ ዳር ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዳኛ መሃላቸው ቁጭ አለና አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያይ ጀመር።

አራሚው፦ አንብበው እስቲ።

ሶፋ ሰሪው፦ እኔ?

አራሚው፦ አንተ። እንዳለ፣ እንደ ተጻፈው።

ሶፋ ሰሪው፦ [በጣቱ እየተከተለ] የተቀቀለ ሩዝ።

አራሚው፦ እሺ።

ሶፋ ሰሪው፦ የተቀቀለ ሥጋ። ጨው የሌለው። ቅመም የሌለው። ሽንኩርት ያልነካው።

[ጋሼ ገመዱን እጁ ላይ አንዴ ጠመጠመው። ሁለተኛም ጠመጠመው።]

አራሚው፦ ይሄ እኮ እኔ ለአንተ የምሠራልህ ምሳ ነው።

ሶፋ ሰሪው፦ አዎ ጋሼ። እኔማ የመጀመሪያው ቀን ስቀምሰው ነው የሰው እንዳልሆነ ያወቅኩት።